የድሮ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ጩኸት ከየት ይመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎ ብዙ ቤት ውስጥ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የድሮ ሬዲዮ አይጠፋም። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ሲመንስ። አያቶቻችን ዜና የሰሙበት፣ የባቲንና የአምባሰልን ዜማ ያደመጡበት ዕቃ ነው። ውስጡ እንደ አምፖል ቀላ ብለው የሚበሩ ቫልቮች አሉት። ይኼን ዕቃ ከቡፌ አውርዶ የሚያድስ ሰው ሳገኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ «ሬዲዮው ሠርቷል፣ ጩኸቱ ግን አላስደምጥ አለ።»

ለሁሉም መጀመሪያ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። የመበየጃ ካውያውን አስቀምጡና አዳምጡ። የጩኸቱን ምንጭ ሳያውቁ ዕቃ መቀያየር ብር ያስጨርሳል፣ ደህናውንም ያበላሻል።

ጩኸቱ ከሬዲዮው ነው ከውጭ? በምን ልለየው?

አንቴናውን ንቀሉ። ከዚያ የአንቴናውንና የመሬቱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኙ። ጩኸቱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ከውጭ እየገባ ነው። ምንም ካልተለወጠ ከውስጥ ነው፣ አለበለዚያ በመብራት ገመዱ በኩል እየገባ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ የጀርመን ሬዲዮዎች በውስጣቸው የፌራይት ዘንግ አንቴና፣ ማለትም ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ፣ አላቸው። እሱን በቁልፉ ካላጠፋችሁት ይኼ ሙከራ ያሳስታችኋል።

ቀጥሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ጩኸቱ እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ ከድምፅ መጨመሪያው በኋላ ነው። ያ ማለት የኃይል ክፍሉ ወይም የመጨረሻው ቫልቭ አካባቢ ነው፤ በብዙዎቹ ኢኤል 84 ነው። ድምፁ ሲቀንስ ጩኸቱም አብሮ ከቀነሰ ግን ምንጩ ከፊት ነው።

በመጨረሻ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ተዋሱ። ከትልቁ ጎን አስቀምጡና እዚያው ሞገድ ላይ አድርጉት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጩኸት ካሰሙ የአያትን ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዕድሉን ተጠቀሙበት። ትንሿን ሬዲዮ ይዛችሁ በረንዳ ላይ ውጡ። ሰፈሩ ጨልሞ ሬዲዮዋም ጸጥ ካለች፣ ጩኸቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወይም የመብራት መስመር ነው። አሁን መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ። ጩኸቱ ከመብራቱ ጋር እኩል መጣ ወይስ ደቂቃዎች ቆይቶ? ቆይቶ ከመጣ አንድ ሰው አንድ ዕቃ ሰክቷል ማለት ነው። ይኼን ሙከራ ከማንኛውም መሣሪያ አስበልጬ አምነዋለሁ።

ከመክፈቴ በፊት ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

በእነዚህ ሬዲዮዎች ውስጥ ወደ 250 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኃይል አለ። ስፒናው ተነቅሎም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይሉን ይዘው ይቆያሉ። 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት የሆነ ረዚስተር ላይ የተሸፈነ ሽቦ አስራችሁ ኃይሉን ወደ ሻሲው፣ ማለትም ዕቃዎቹ ወደታሰሩበት የብረት ገበታ፣ አፍስሱ። ከዚያ በቴስተር ዜሮ መድረሱን እዩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የለመዱ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

የቫልቮቹን ስም አንብቡ። በ«ኢ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢሲኤች 81 ወይም ኢኤፍ 89፣ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ እንደ ዩሲኤች 81፣ ዩኤል 84፣ ዩዋይ 85 ያሉ፣ በአብዛኛው ሻሲው በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ሻሲው 220 ቮልት ይይዛል። እንዲህ ያለውን፣ ሬዲዮውን ከመብራት መስመሩ የሚለይ መለያ ትራንስፎርመር ሳይኖር፣ ክፍት አድርጋችሁ አትሥሩበት። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የጀርባ ክዳኑን ሳትገጥሙ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትተዉት።

ለረጅም ዓመት ያልተሰካ ሬዲዮ ሲሆን ሽቦው እየጋለ የሚበራውን የድሮ አምፖል፣ 60 ዋት ያህል፣ በመስመሩ መካከል አስገብታችሁ ሰኩት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ የሆነ ነገር ተገናኝቷል። ከጀርባ ያለው የቮልቴጅ መምረጫም 110 ወይም 127 ላይ እንዳይሆን። 220 ላይ አድርጉት። የሰፈራችሁ መብራት ማታ ማታ የሚጨምር ከሆነ፣ 240 ካለው እሱ ይሻላል።

ድምፁን ዘግቼውም «እምምም» ይላል። ምንድን ነው?

የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። ቫልቭ ሬዲዮ ውስጥ ይኼ በሁለት መልክ ይሰማል፣ ሁለቱን መለየት ደግሞ ግማሽ መንገድ ነው።

ሻከር ያለ፣ የሚያንዘረዝር ዓይነት ከሆነ 100 ኸርዝ ሊሆን ይችላል። ይኼ የሚመጣው ኃይሉን የሚያጣሩት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሲደርቁ ነው። ደሴን በመሰለ ጉም በሚበዛበት ከተማም ሆነ እንደ ባቲ ባለ ሙቀት፣ ዓመታት ያስቆጠረ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ደህና ነው ብላችሁ አትመኑ። በአዲስ ተኩት። ቮልቱ 400 ወይም 450 ይሁን። መጠኑን ግን ከነበረው ብዙ አታሳድጉ። ለኢዜድ 80፣ ማለትም የመብራቱን ኃይል ወደ ቀጥተኛ ለሚያስተካክለው ቫልቭ፣ ከቫልቩ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ መብለጥ የለበትም። «ትልቅ ባደርገው ጩኸቱ ይበልጥ ይጠፋል» ብሎ 100 የሚያስገባ ሰው ቫልቩን ቶሎ ያስረጀዋል።

ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ቫልቮቹ ማሞቂያ፣ ውስጣቸው ቀልቶ ወደሚበራው ሽቦ፣ ተመልከቱ። ማሞቂያው ከካቶዱ፣ እሱ ከሚያሞቀው የብረት ክፍል፣ ጋር ቀስ እያለ የሚገናኝ ቫልቭ እንዲህ ያደርጋል፤ ሌላ ቫልቭ ተክቶ ማየት ብቻ ነው መድኃኒቱ። የድምፅ መጨመሪያው የብረት ገላ ከሻሲው ጋር ካልተገናኘ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የተሸፈነ ሽቦ መሬቱ ከተበጠሰም ያው ድምፅ ይመጣል። ባለ «ዩ»ዎቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እነሱ የመብራቱን ግማሽ ሞገድ ብቻ ስለሚጠቀሙ፣ ካፓሲተራቸው ሲደርቅም የሚሰማው 50 ኸርዝ ነው።

ጆሯችሁን ካላመናችሁት ስልካችሁ ላይ ድግግሞሽ የሚያሳይ ነፃ አፕ ጫኑ። ስፒከሩ ጋ አስጠጉት፤ 50 ወይም 100 ላይ ከፍ ያለ መስመር ታያላችሁ።

ጣቢያ ስይዝ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ከጣቢያ ስወጣ ይጠፋል።

ይኼ ብዙ ሰው ያደክማል። ካፓሲተሩን ቀየሩት፣ ቫልቩን ቀየሩት፣ ጩኸቱ አለ። የጣቢያው ሞገድ በመብራት ገመዱ በኩል ገብቶ ኃይሉን በሚያስተካክለው ቫልቭ ወይም ዳዮድ ላይ ሲያልፍ ከመብራቱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ጉርምርምታው በጣቢያው ላይ ተጭኖ ይመጣል። ኃይለኛ ጣቢያ ላይ ይበረታል።

የድሮዎቹ መሐንዲሶች ይኼን ያውቁ ነበር። ከአስተካካዩ ቫልቭ እግር ወደ ሻሲው ትንሽ ካፓሲተር ያስገቡ ነበር። የወረቀት ስለሆነ አሁን ሞቷል። በአዲስ ለውጡት። ከመብራት መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ካፓሲተር ከሆነ ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራውን፣ ላዩ ላይ የ«ዋይ» ወይም የ«ኤክስ» ደረጃ የተጻፈበትን ብቻ ተጠቀሙ። ከመስመር ወደ ሻሲ ለሚሄደው «ዋይ»፣ ከመስመር ወደ መስመር ለሚሄደው «ኤክስ»። ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ ሲቃጠል ሻሲውን ወደሚነዝር ብረት ይለውጠዋል።

አንድ ሰው ከዚህ በፊት የድሮውን አስተካካይ አውጥቶ በሲሊኮን ዳዮድ ተክቶት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ዳዮድ ጎን ለጎን 10 ናኖፋራድ፣ 1000 ቮልት ካፓሲተር ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ቁልፍ ሳዞር ይንኮሻኮሻል።

አቧራና ዝገት ነው። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ነፍታችሁ ቁልፉን ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። የሞገድ መቀየሪያውንም እንዲሁ። ዘይት አታድርጉበት።

ደህና እየሠራ ቆይቶ ድንገት «ጠሽ፣ ጠሽ» ይላል። የመብረቅ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል።

አንቴናው ተነቅሎም ይቀጥላል? እንግዲያው ከውስጥ ነው። አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ሬዲዮው በርቶ ሳለ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእንጨት እርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩ። አንዱ ሲነካ ስፒከሩ ከጮኸ ወይም ከደወለ፣ ወይ ቫልቩ ራሱ ነው ወይ የተቀመጠበት ሶኬት። ሬዲዮውን አጥፍታችሁ፣ ቫልቩ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት ጊዜ አስገቡት፣ አውጡት። እግሮቹ ይጸዳሉ። ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ክፍል በክፍል ዝጉ። ትራንስፎርመር ያለው፣ ማሞቂያዎቹ ጎን ለጎን የተያያዙ ሬዲዮ ከሆነ ከፊት ጀምራችሁ ቫልቭ ንቀሉ። ኢሲኤች 81 ሲነቀል ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ካልጠፋ ወደ ኢኤፍ 89፣ ከዚያ ወደ ኢኤቢሲ 80። የመጨረሻውን ቫልቭ ግን አትንቀሉ፤ ጭነቱ ስለሚቀንስ ቮልቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ማሞቂያቸው በተከታታይ በተያያዘው ባለ «ዩ» ሬዲዮ ይኼ መንገድ አይሠራም። አንዱ ሲነቀል ሁሉም ይጠፋሉ። ለእሱ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ካፓሲተር ይዛችሁ፣ በመለያ ትራንስፎርመር ላይ አድርጋችሁት፣ በየቫልቩ የመግቢያ እግር ላይ ወደ ሻሲው አስነኩ። ጩኸቱ የሚቆምበትና የማይቆምበት መካከል ላይ ነው ምንጩ።

ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ቫልቩን የሚመግበው የድሮ የካርቦን ረዚስተር፣ በተለይ 100 ወይም 220 ኪሎኦም የሆነው፣ ሲያረጅ ይንጫጫል። በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያሉት የመካከለኛ ድግግሞሽ (ሬዲዮው የያዘውን ጣቢያ ሁሉ በውስጡ የሚቀይርበት አንድ ድግግሞሽ) ትራንስፎርመሮች ጠመዝማዛ በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ሽቦው ከመበጠሱ በፊት ለወራት እንዲህ ይጮኻል። በአሜሪካ ሬዲዮዎች ደግሞ በዚሁ ሳጥን ታች ያለው የሚካ ካፓሲተር ላይ ብሩ እየተንቀሳቀሰ ብልጭታ ይፈጥራል። የሚሰማው ድምፅ ልክ የነጎድጓድ ነው።

በሳጥኖቹ አናት ላይ ያሉትን ብሎኖች ባዞራቸው ጩኸቱ አይስተካከልም?

አይስተካከልም። እባካችሁ አትንኳቸው። እነዚያ የሬዲዮውን ጆሮ የሚያቀኑ ናቸው፤ ያለ ሲግናል ማመንጫ ወደ ቦታቸው መመለስ በጣም ከባድ ነው። ጩኸት ለማጥፋት ተብለው ተዞረው፣ ሌላ ሁሉ ደህና ሆኖ ጣቢያ መያዝ ያቆሙ ሬዲዮዎች ያሳዝኑኛል።

ፉጨት ነው የሚሰማኝ።

የት ነው የሚያፏጨው? በአጭር ሞገድ ማታ ማታ ከሆነ፣ ጣቢያዎች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሚደረደሩ ጎረቤቱ ጣቢያ ነው። በመካከለኛ ሞገድ ልዩነቱ 9 ኪሎኸርዝ ነው፤ ማታ የሩቅ ጣቢያ ስለሚገባ ቀን ያልነበረ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ሬዲዮው አልታመመም።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካፏጨ የውስጥ ድግግሞሹን አስቡ። የሬዲዮአችሁ መካከለኛ ድግግሞሽ 455 ኪሎኸርዝ ከሆነ፣ እጥፉ 910 ነው። እዚያ አካባቢ ያለ ጣቢያ ላይ ፉጨት ይኖራል። 468 ከሆነ ደግሞ 936 አካባቢ። በየትኛውም ጣቢያ ላይ የሚያፏጭ ከሆነ ግን የቫልቭ መከለያ ቆርቆሮ ጠፍቶ ወይም የአንድ ትንሽ ካፓሲተር ውስጡ ተቋርጦ ይሆናል።

ከውጭ መሆኑን አረጋገጥኩ። ከቤቴ ውስጥ የትኛው ዕቃ ነው?

እነዚህ ሬዲዮዎች ሲሠሩ ቤት ውስጥ አምፖልና ምጣድ ነበር። ዛሬ በየዲቫይደሩ ላይ ቻርጀር አለ። ስለዚህ ጥፋቱ ከሬዲዮው ይልቅ ከአካባቢው የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍ ብሏል። የቤታችሁን ዋና ብሬከር ዝጉና በትንሿ የባትሪ ሬዲዮ አዳምጡ። ጸጥ ካለች መልሳችሁ ክፈቱና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፤ ስፒናው ይነቀል። የጠፋ የዲሽ ሪሲቨር እንኳ ስፒናው እስካልተነቀለ ይጮኻል።

ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሞገዱን ስታዞሩ ጩኸቱ በየተወሰነ ርቀት እየተመላለሰ «ዝዝዝ» ካለ እነሱን ጠርጥሩ። ስታብላይዘር ሲቀያይር «ጠቅ» ያደርጋል። ቴርሞስታት ያለው ምጣድና የልብስ ካውያ ሲበራና ሲጠፋ አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዘንግ አምፖል ማርጀት ሲጀምር ያለማቋረጥ ያጓራል።

ያገኛችሁትን ዕቃ መቀየር ካልቻላችሁ በገመዱ ላይ የፌራይት ቀለበት አድርጉ፤ ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ ጠምዝዙበት። ከተበላሸ የኮምፒውተር ገመድ ላይ ይገኛል። ለመካከለኛ ሞገድ ግን ብዙም ስለማይረዳ ዕቃውን ማራቁ ይሻላል።

ከቤቴ አይደለም። ከመንገድ ነው የሚመጣው።

አሁን ማደን ነው። ትንሿ የትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጧ የፌራይት ዘንግ አለ። በመካከለኛ ሞገድ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አድርጓትና ቀስ ብላችሁ አዙሯት። አንድ አቅጣጫ ላይ ጩኸቱ በጣም ይቀንሳል። በዚያ ጊዜ የዘንጉ ጫፍ ወደ ምንጩ ያመለክታል። ከፊት ይሁን ከኋላ አታውቁም፤ ስለዚህ ወደ ሌላ መንገድ ሄዳችሁ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሂዱ።

ደሴ ላይ ይኼ ትንሽ ያስቸግራል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ሸለቆ የተዘረጋች ስለሆነች የመብራት መስመሩ ከቤቶቹ ጋር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሽቦው ጩኸቱን ተሸክሞ ሩቅ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከሽቦው ሥር ስትሄዱ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ለመለየት ወደ አጭር ሞገድ፣ ካላችሁም ወደ ላይኛው ሞገድ ውጡ። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ጩኸቱ የሚሰማው ምንጩ አጠገብ ብቻ ነው።

ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ ወይም ኮምቦልቻ ከሆነ የፋብሪካ ሞተር ካገኛችሁ ሰዓቱን መዝግቡ። የሥራ ሰዓታቸውን ተከትሎ ከመጣና ከሄደ ተረጋገጠ። ሄዳችሁ በአክብሮት አነጋግሩ። የሞተር ካርቦን ያለቀበት ባለወፍጮ ብልጭታውን ቢያስተካክል ለራሱም ይጠቅመዋል።

የመብራት ፖል ላይ ካደረሳችሁ ደግሞ ይኼን አስተውሉ፤ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ አቧራ የለበሰው ስኒ (ሽቦውን ከፖሉ የሚለየው) ብልጭታ ያሰማል። ጠንካራ ዝናብ ሲያጥበው ይጠፋል። በደረቅ ቀን፣ በነፋስ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን የላላ ማያያዣ ነው። የፖሉን ቁጥር ይዛችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ። ፖሉን አትምቱ፣ አትነቅንቁ።

ክረምት ላይስ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሰማው ፍንዳታ የመብረቅ ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ይብሳል፤ ወደ አጭሩ ሞገድ፣ 31 ወይም 25 ሜትር ሂዱ። ደመና ሲጠቁር አንቴናውንም ስፒናውንም ንቀሉ። በተራራማው ወሎ ይኼን ችላ ማለት አይገባም።

አንቴናውን እንዴት ብዘረጋው ጩኸት ይቀንሳል?

ከቤቱ አርቁት። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሽቦ ከቻርጀሮቹ ጋር አብሮ ነው የሚኖረው። ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከቤቱ ጀርባ ወደ ዛፍ ዘርጉ፤ ከመብራት መስመር ራቅ ብሎና መስመሩን ሳያቋርጥ። ከሽቦው ወደ ሬዲዮው የሚገባው ክፍል የዲሽ ኬብል ቢሆን መልካም ነው፤ የውጭ መረቡን ከመሬት ጋር አያይዙት። መሬቱ ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ የተመታ ብረት ይሁን። ባለ «ዩ» ሬዲዮ ላይ ሻሲውን ከመሬት ጋር በጭራሽ አታገናኙ፤ ከጀርባው የመሬት ቀዳዳ ከሌለው ተዉት።

ቦታ ለሌለው፣ 60 ሳንቲሜትር ጎን ያለው የእንጨት ፍሬም ሠርታችሁ 10 ዙር ያህል ሽቦ ጠምጥሙበት። ከድሮ ሬዲዮ የወጣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር አያይዙበትና ለመካከለኛ ሞገድ ተጠቀሙበት። ፍሬሙን እያዞራችሁ ጩኸቱን አጥፍታችሁ ጣቢያውን ብቻ መስማት ትችላላችሁ። ሰፈር ውስጥ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ አንቴና አላውቅም።

ገጠር ነኝ። ሬዲዮውን በሶላርና በኢንቨርተር ነው የምሠራው።

ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ካሬ ስለሆነ ሬዲዮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንጫጫል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል። ንጹሕ ሳይን የሚሰጥ ኢንቨርተር ይሻላል። የሶላሩ መቆጣጠሪያም ቀን ቀን ይጮኻል። ጩኸቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጠፋ እሱ ነው፤ ከመቆጣጠሪያው ወደ ፓነሉ የሚሄዱትን ሁለት ገመዶች አንድ ላይ ጠምዝዟቸው፣ አንቴናውንም ከፓነሉ አርቁት።

ኤፍ ኤም ላይ ለምን ጩኸቱ አይሰማኝም?

ኤፍ ኤም መልእክቱን የሚይዘው በድግግሞሹ ለውጥ ነው። ብልጭታ የሚረብሸው በዋናነት የሞገዱን ጉልበት ስለሆነ ሬዲዮው ይቆርጠዋል። ያስታውሱት፣ የድሮ የጀርመን ሬዲዮዎች ብዙዎቹ 100 ወይም 104 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያለ ጣቢያ አለመያዙ ብልሽት አይደለም።

ሁሉንም ሠርቼ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ትንሽ «ሽሽሽ» ቀረ።

እሱ ይኑር። የመጀመሪያው ቫልቭ ራሱ የሚፈጥረው ድምፅ ነው፤ ጣቢያ ስትይዙ ይሸፈናል። አንቴናውን ስትሰኩ «ሽሽሽ»ው ከፍ ካለ ሬዲዮው ውጭውን በደንብ እየሰማ ነው።